ሸክሙ ለማን፣ ጌጡ ለማን?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አባቶች ይህን የተናገሩት ስለ መተባበር ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ተረቱን ገልብጠን ልንጠይቀው ነው፦ ሸክሙ ለአንዷ ቀርቶ ጌጡ ለሌላው ሲሆንስ? ሌላ ሰው በሚደክምበት ቦታ ዓይንን ማስደሰት ይገባል ወይስ አይገባም? ጥያቄው ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ አይደለም። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ሰባት ሆነን ከስድስት ኪሎ ተነስተን፣ ሽሮ ሜዳን አልፈን እንጦጦ በወጣንበት ቀን መንገድ ላይ ያገኘነው ነው።

ወሩ ለማየት የተመቸ ነው። ክረምቱ ወጥቷል፣ አየሩ ጠርቷል፤ አደይ አበባውም እያለቀ ቢሆን ከየጥጋጥጉ ጨርሶ አልጠፋም። ጃፓኖች በመጸው የዛፉ ቅጠል ሲቀላ ለማየት ወደ ኪዮቶ መቅደሶች ይጎርፋሉ፤ ለልማዱም «ሞሚጂጋሪ» የሚል ስም አውጥተውለታል። እኛስ ብንሆን መቅደስም ቅጠልም መቼ አጣን! ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ተሳለምን። ከዚያ በጋራው ጀርባ ወደ ምሥራቅ፣ በባሕር ዛፉ መሐል፣ ወደ የካው ዋሻ ሚካኤል ተጓዝን። ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊት ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ያደርሰዋል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። የቱም ቢሆን ትውፊቱ የነገሥታቱን ስም ይዟል፤ የጠራቢዎቹን ግን አልያዘም።

ለመሆኑ «ተፈጥሮ» እያልን የምናደንቀው የእንጦጦ ደን ምንድን ነው? የባሕር ዛፍ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከጋራው ላይ በነበረበት ጊዜ በአካባቢው የነበረው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ወደ ፍልውሃ ሲወርድ የእንጨቱም ችግር አብሮት ወረደ፤ እንዲያውም ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ይህ ደን ለዓይን ሳይሆን ለምድጃ የተተከለ ነው። ከጋራው ወደ ምድጃው ያወረደውም አህያና የሴት ጀርባ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የጋራው ከፊል እንጦጦ ፓርክ ሆኖ ለመዝናኛ ተከፍቷል፤ እንጨት ተሸካሚዎቹ ግን አልጠፉም።

ከመካከላቸው አንዷን ቁልቁለቱ ላይ አገኘናቸው። የእናቶቻችን እኩያ ናቸው። ጭራሮና ቅጠል በገመድ ጠፍረው አዝለዋል፤ ሸክሙ በጎንና በጎን መንገዱን ሞልቶታል። አንዱ ጓደኛችን «እትዬ፣ ትንሽ እናሳርፍዎት?» ቢላቸው፣ ቀና ሳይሉ «ካወረድኩት ማን መልሶ ያሸክመኛል ልጄ? ይልቅ መንገዱን ልቀቁልኝ» አሉ። ለቀቅንላቸው። ከእሳቸው ወዲያ አዲስ አበባ በጥቅምት ፀሐይ እንደ ተዘረጋች ነው። እሳቸው ስላለፉ ውበቷ አልቀነሰም። ነገሩም የሚከብደው ለዚህ ነው።

አማኑኤል ካንት በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ የውበት ፍርድ ከጥቅምና ከፍላጎት ነጻ መሆን አለበት ይላል። ምሳሌም ይሰጣል፦ አንድን ሰው ቤተ መንግሥት አሳይተው «ያምራል ወይ?» ቢሉት፣ እሱ ደግሞ «ታላላቆች የሕዝቡን ላብ የሚያፈሱበት ከንቱ ነገር ነው» ብሎ ቢወቅስ፣ ወቀሳው ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል፤ የተጠየቀው ግን ይህን አይደለም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ማማሩ አንድ ነገር፣ ፍትሐዊነቱ ሌላ ነገር መሆኑን እንቀበላለን። ሆኖም ጥያቄዎቹ ሁለት ቢሆኑም ተጠያቂው አንድ ሰው ነው። ለመጀመሪያው «አዎ፣ ያምራል» ብሎ ከሁለተኛው ፊት ዞር የሚል ሰው ፍርዱ ነጻ ሆነ አንልም፤ ግማሹን አየ እንላለን እንጂ።

ሁለቱን አንድ ላይ ማየት እንደሚቻል የሚያሳይ ነገር ደግሞ እዚሁ ቤታችን አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኀ ጽጌ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሊቃውንቱ ሌሊቱን ቆመው ማኅሌተ ጽጌን ይዘምራሉ፤ ማርያምንና ልጇን በአበባ እየመሰሉ። ከዚያው ጋር ሰቆቃወ ድንግል አለ፤ እሱ ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ የተሰደደችውን እናት መከራ የሚያለቅስ ነው። አበባውና ስደቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ማኅሌት ተቀምጠዋል። ልቅሶው ዜማውን አላበላሸውም፤ አበባውም መከራውን አልሸፈነውም። ሃይማኖቱን የሚከተልም ሆነ የማይከተል ከዚህ አንድ የአስተያየት ዘዴ መማር የሚችል ይመስለናል።

ከመካከላችን ግን የተቃወመ ነበር። «ኧረ ተዉ! ሳምንቱን ሙሉ በትምህርት ደክመን አንድ ቀን ብንዝናና ደግሞ ሐዘን እንሸከም?» አለ። ሌላዋ ከዚህ የበረታ ነገር አመጣች፦ «ቆሞ ማዘንም እኮ መዝናኛ ነው። ድሮ ከተማዋን ታዩ ነበር፣ አሁን ድህነትን ልታዩ ነው፤ ሴትዮዋ ምን ተጠቀሙ?» እውነቷን ነው። ከንፈር መምጠጥ የማንንም ጀርባ አላቀናም። በስልክ ፎቶ አንስቶ መሄድማ የባሰ ነው፤ ሸክማቸውን እንደገና ጌጥ ማድረግ ነው።

የእኛ ድምዳሜ ይህ ነው። ማየትን አንተውም፤ ጋራውን አለማየታችን ለማንም ዳቦ አይሆንም። ግን ስናይ ደኑ ማን እንዲነድ እንደተተከለ፣ ማን እንዳወረደው፣ ወርዶም ስንት እንደሚሸጥ አብረን እንጠይቅ። ሴትዮዋ ሐዘናችንን አልጠየቁንም፤ የጠየቁት መንገድ ነው። ለባለ ሸክም መንገድ መልቀቅ ደግሞ ከጥግ መቆም ብቻ አይደለም። ስለ ከተማዋ ማገዶ፣ ስለ ሴቶች ሥራና ስለ ጋራው ዕጣ በክፍልም በስብሰባም ሲነሳ፣ ከላይ ሆነን ያየነውን ሳንደብቅ መናገርም መንገድ መልቀቅ ነው። ይህ በቂ ነው ወይ? አንድ ጓደኛችን ገና አልተስማማም። የተለየ ሐሳብ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን በሚቀጥለው እትም እንከራከራለን።