ቀማሿ

በመተማ ቆላ፣ ወደ ጓንግ በሚወርድ አንድ ጅረት ዳር፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚያርስ ሰው ነበር። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ገብቶ ውሃ ሲጠግብ ደግሞ ይደፈንና የዘነበው ሁሉ ያገኘውን ጠራርጎ ወደ ጅረቱ ይወርዳል።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ሐምሌ ላይ የማሽላውን አረም በቱፎርዲ ሲያስረጭ ጥንቃቄው የታወቀ ነበር። ቱፎርዲ ቅጠለ ሰፊውን አረም ገድሎ ማሽላውን ይተወዋል። ሰሊጥ ግን እሱም ቅጠለ ሰፊ ነው፤ ነፋስ ያመጣበት ብናኝ ብቻ ጠምዝዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሰውየው በማለዳ ተነሥቶ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ ይበትናል። ገለባው ወደ ሰሊጡ ካዘነበለ በዚያ ቀን ማንም ፓምፕ አይሸከምም። አየሩ ጸጥ ባለበት ቀን እንኳ ከሰሊጡ ወዲህ ሠላሳ እርምጃ አያስረጭም፤ እዚያ ያለውን አረም በእጅ ያሳርማል።

በጅረቱ በኩል ግን እስከ አፋፉ ያስረጫል። ፓምፑ የሚሞላው ጅረቱ ውስጥ ተነክሮ ነው፤ መድኃኒቱ የሚበጠበጠውም እዚያው ነው፤ ሲመሽ ፓምፑም የመድኃኒቱ ጀሪካንም እዚያው ይለቀለቃሉ።

አብሮት የከረመ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ከደጋ ለአጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ አገሩ ሳሉግ የሚለው ሰው።

«ልጄ፣ ውሃውን በበርሜል ወደ ማሳው እናውጣና እዚያ እንበጥብጥ» አለው።

«አያ፣ ውሃው ይሄድ የለም እንዴ? ነገ ሱዳን ነው» አለ ሰውየው።

ጓንግ ድንበሩን ሲሻገር ስሙ አትባራ ይሆናል እንጂ ውሃው አይለወጥም። በዳርቻው ሰው ይጠጣዋል፣ ከብት ይጠጣዋል፤ ኋላም ከናይል ጋር ይገናኛል። ሽማግሌው ይህን ሁሉ አላለም፤ ዝም ብሎ ፓምፑን አነሣ።

በዚያ ሐምሌ ዝናቡ ሳምንት ሙሉ ተቋረጠ። ጅረቱ መሄዱን ትቶ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ቆመ። የዚህ ቆላ ሰው ከቆመ ውሃ ጋር ያለው ዝምድና የዛሬ አይደለም። ከ74 ሺህ ዓመት በፊት በሽንፋ ወንዝ ዳር የኖሩ ሰዎች፣ በደረቁ ወራት ወንዙ ሲቆራረጥ ኩሬ ውስጥ የቀረውን ዓሣ እያጠመዱ ይበሉ እንደነበር አጥኚዎች በ2016 ዓ.ም. ይፋ አድርገዋል። በዚያ ዘመን ሰው ያኖረ ዓይነት ኩሬ ነው እንግዲህ ጀሪካን የሚለቀለቅበት።

እኩለ ቀን ላይ ሰውየው በፀሐይ ተቃጥሎ ከዳሱ ጥላ ገባ። ለሠራተኞቹ እንጀራ የምትጋግረው ሴት ከጀሪካን ውሃ በጣሳ ቀዳች። እንግዳም ጌታም ሲጠጣ የሚያቀርበው ሰው አስቀድሞ መቅመሱ ወግ ነውና፣ ጥቂት መዳፏ ላይ አፍስሳ ጠጣችና ጣሳውን በሁለት እጇ ሰጠችው።

ወደ አፉ ሲያስጠጋው ሽታው አፍንጫውን መታው።

«ከየት ነው የቀዳሽው?»

«ከኩሬው ነዋ፣ ጋሼ። ለሰዉም ከዚያው ነው የምቀዳው።»

«ጀሪካኑስ?»

«እርስዎ የጣሉት ነው። አጥቤዋለሁ።»

«የት አጠብሽው?»

«እዚያው ኩሬው ላይ።»

ሽታውን ለምዳዋለች፤ ሠራተኞቹም ለምደውታል። ሰውየው ጣሳውን ይዞ ሊደፋው ተነሣ። ሽማግሌው ከተቀመጠበት ሆኖ «ወዴት ልትደፋው ነው?» አለው።

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ዳሱ ያለበት መሬት ወደ ጅረቱ ያዘነብላል። ማሳው ወደ ጅረቱ ያዘነብላል። መንገዱም እንደዚያው። ጣሳውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

«ለሰሊጡ ሠላሳ እርምጃ ተውክለት» አለ ሽማግሌው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሴትዮዋ የቀመሰችበትን መዳፏን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር።

በነጋታው በርሜሉ በትራክተር ተጎትቶ ማሳው መካከል ቆመ። ፓምፑ ከዚያ ወዲያ ጅረቱ ውስጥ አልተነከረም። ባዶው ጀሪካን ሦስት ጊዜ እየተለቀለቀ እጣቢው ፓምፑ ውስጥ ተጨመረና ማሽላው ላይ ተረጨ፤ ማንም ውሃ እንዳይቀዳበትም ቂጡ ተበሳ። ደመና ባረገዘበት ቀን መርጨት ቀረ። ለመጠጥ የሚሆነው ውሃ ከሩቅ ጉድጓድ፣ በንጹሕ ዕቃ፣ በአህያ ይመጣ ጀመር። በጅረቱ ዳር ሣሩ ሳይታረስና ሳይረጭ ቀረ፤ ከአፋፉ እስከ ማሽላው የለካው ራሱ ሰውየው ነው፣ ሠላሳ እርምጃ።

በሐምሌ ፓምፕ የምታሸክሙ ወገኖቼ፣ ለሰሊጣችሁ ስንት እርምጃ እንደምትተዉ ታውቁታላችሁ። ያንኑ ለጅረቱም ተዉለት።