ጡጦ፣ ዘረመል እና የአባት ድርሻ



ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ጫማዬን ሳደርግ አንድ ወጣት ጠጋ አለኝ። «ኡስታዝ፣ ጥያቄ ነበረኝ» ብሎ ሰው እስኪበተን ዝም አለ። ባለቤቱ ከወለደች ሁለት ወሯ ነው። ወተቷ አልበቃ ብሎ ሐኪም የዱቄት ወተት እንዲጨምሩ አዟል። «እናቴ ባየቻት ቁጥር ‹በጡጦ ያደገ ልጅ ምን ጭንቅላት ይኖረዋል› ትላታለች። እኔም ጡት የጠባ ልጅ አይኪው ይበልጣል የሚል ስልኬ ላይ አነበብኩ። ሚስቴ ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች። ልጃችንን በድለነዋል?»

እዚያው ቆሜ አጭር ነገር ነገርኩት። መንገድ ላይ ግን መልሱ እንደሚጎድል ተሰማኝ። ዛሬ ለእሱም ለእናንተም ልሙላው።

መጀመሪያ ጥናቱን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በኒውዚላንድና በብሪታንያ የተወለዱ ልጆችን ተመልክቷል። ጡት የጠቡት በአይኪው ፈተና በአማካይ ስድስት ሰባት ነጥብ ያህል ይበልጡ ነበር፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ከአሥር ልጆች አንድ ያህሉ ከወላጆቻቸው በወረሱት የአንድ ዘረመል ዓይነት የተነሳ ጡት ጠቡም አልጠቡም ልዩነት አልታየባቸውም። ፋድስ 2 የሚባለው ይህ ዘረመል ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ቅባት አንጎል ወደሚጠቀምበት ቅባት ሲቀይር ይሳተፋል። እንዲህ ያለው ቅባት ደግሞ በእናት ወተት ውስጥ አለ። እንግዲህ ውርስና ወተት አብረው ይሠራሉ ተባለ።

ነገሩ ግን እዚህ አላበቃም። በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሰፊ ምርመራ ለዚህ ግኝት ጠንካራ ድጋፍ አላገኘም። በአሜሪካ ከ5,000 በላይ ልጆችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት የእናቶቹን የራሳቸውን የፈተና ውጤት ሲያስገባ፣ በጠቡትና ባልጠቡት መካከል የነበረው ልዩነት አብዛኛው ጠፋ። በቤላሩስ ደግሞ 17,000 ያህል ሕፃናት የተካተቱበት ትልቅ ሙከራ ተደርጓል። ለማጥባት የተለየ ድጋፍ ያገኙ እናቶች ልጆች በስድስት ዓመት ተኩላቸው በተለይ በቃላት ችሎታ በልጠው ተገኙ። በ16 ዓመታቸው ሲፈተኑ ግን ልዩነቱ ጠቦ ትንሽ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ ምን እንያዝ? የእናት ወተት ትልቅ ኒዕማ ነው። ሕፃኑን ከተቅማጥና ከኢንፌክሽን እንደሚጠብቅ የታወቀ ነው፤ ለአእምሮም ሊጠቅም ይችላል። ያንን የፈተና ነጥብ ይዞ ግን የአንድን ልጅ ዕጣ መቁረጥ፣ በአንዲት እናት ላይም መፍረድ አይቻልም።

አሁን ወደ ዲናችን እንምጣ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። አንድ የገጠር ሰው ሚስቱ ጥቁር ልጅ ወለደችና ልቡ ተጠራጠረ። ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ነገራቸው። እሳቸው ስለ ግመሎቹ ጠየቁት። ቀያዮች ናቸው አለ። ከመካከላቸው ጠቆር ያለ አለ ወይ ሲሉት አዎ አለ። ከየት መጣ ሲሉት ምናልባት የጥንት ዘሩ ስቦት ይሆናል አለ። ያንተንም ልጅ እንዲሁ ዘሩ ስቦት ይሆናል አሉት።

ሱብሃነላህ! ሰውየው የልጁን መልክ ሚስቱን መክሰሻ ሊያደርገው ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ስለ ዘር ውርስ በራሱ ግመሎች አስተምረው የክሱን በር ዘጉት። እኛ ዛሬ ከስልካችን ያገኘናትን ቁራጭ እውቀት ይዘን ያንን በር መልሰን እንከፍታለን።

የጡት ማጥባት አያ የሚባለውን ሱረቱል በቀራህ 233ን ደግሞ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ማጥባትን መሙላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት ይላል። ወዲያው ወደ አባት ዞሮ የእናትየው ምግብና ልብስ በመልካም ሁኔታ በእሱ ላይ መሆኑን ይደነግጋል። እናት በልጇ ምክንያት እንዳትጎዳ፣ አባትም እንዳይጎዳ ይከለክላል። ቀድሞ ጡት ማስጣልን በሁለቱ ውዴታና ምክክር ፈቅዷል። በሌላ ሴት ማስጠባትም ኃጢአት የለበትም። ከፍጥረት ሁሉ በላጩ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የሐሊመተ ሰዕዲያን ጡት ጠብተው አድገዋል።

ወንድሜ፣ ይህን አያ ለሚስትህ ከማንበብህ በፊት ያንተን ድርሻ ፈልግ። ዛሬ ምን በላች? ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ ማን ተነሳ? አጥሚቱን ማን አቀረበላት? ወተቷ እንዲበረክት ከፈለግህ እንቅልፏን፣ ምግቧንና ልቧን ጠብቅላት። ሞክራ ካልበቃት ደግሞ ጡጦውን አንተ ያዝ። እናትህንም አትቆጣ። ጉልበቷን ስመህ፣ «እማዬ፣ ሐኪም ያዘዘው ነው፤ ሚስቴን በዚህ አታስከፊብኝ» በላት። ዝም ብለህ ማየትህ ግን አደብ እንዳይመስልህ።

እህቴ፣ ማጥባት ከቻልሽ በኒያ አጥቢ፤ ኢንሻአላህ አጅር አለሽ። አላህ ለምታጠባ እናት የረመዳንን ጾም እንኳ እንዳቀለላት አስታውሺ። ሰበቡን አድርሰሽ ካልሆነልሽ ግን የልጅሽ ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው። ጡጦውን ስትሰጪው እቀፊው፣ አናግሪው፣ ቢስሚላህ በዪበት።

ላላገባችሁትም ይህ ይመለከታችኋል። አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ «ጡት አትሰጪውም እንዴ?» ከማለታችሁ በፊት ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋችው ጠይቋት።

ያ ወንድሜ ይህን ካነበብክ መልሴ ይኸው፦ ልጅህን አልበደልከውም። ዛሬ ማታ ግን ባለቤትህ እያለቀሰች እንዳትተኛ።

ያ አላህ፣ ልጆቻችንን ጠቃሚ እውቀትና መልካም ልብ ስጣቸው። እናቶቻቸውን አበርታልን። እኛንም አማናችንን የምንወጣ አድርገን። አሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ!