አዳኝ፦ ጠብቆና ላልቶ

በአማርኛ «አዳኝ» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ሰዎች በአንድ ፊደል ይቆማሉ። ዳ ጠብቆ ሲነበብ አውሬ ተከታትሎ የሚገድለው ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ከሞት የሚያተርፈው። ጽሕፈቱ ልዩነቱን አያሳይም፤ አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይረዳዋል። ኬንያውያን በሚናገሩት ስዋሂሊ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሚያድን ሰው ምዊንዳጂ ይባላል፤ ያለ ሕግ የሚያድነው ግን ጃንጊሊ ነው፤ ቃሉም የወንበዴ ሽታ አለው። ሁለቱ ሰዎች አንዱን አውሬ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ሊገድሉ ይችላሉ። የሚለያቸው አንዱ በኪሱ የያዘው ወረቀት ነው። እንግዲህ የአንድ ሥራ መልካምነትና ክፋት ያለው በሥራው ውስጥ ነው ወይስ በወረቀቱ ላይ?

ጥያቄው በናይሮቢ ፓርክላንድስ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሰፈሩ አጠገብ ሲቲ ፓርክ የሚባለው የሕዝብ መናፈሻ አለ፤ ጦጣዎቹ ከሰው እጅ ሙዝና ለውዝ ይቀበላሉ። ወደ ሰሜን ጥቂት ርቆ የካሩራ ደን ይጀምራል፤ ሚዳቋና ድኩላ ይኖሩበታል። አባቱና አያቱ አዳኞች ከነበሩበት ቤት ወጥቶ በዚህ ሰፈር የከተመ አንድ ሰው ይታሰብ። በልጅነቱ የነፋስን አቅጣጫ በአፈር ብናኝ መለየት፣ ከዱካው የአውሬውን ዕድሜ ማንበብ ተምሯል። እሑድ ማለዳ በካሩራ ሲመላለስ ድኩላ መንገዱን አቋርጦ ቢያልፍ ዓይኑ ሳያዝዘው ርቀቱን ይለካል። እጁ ግን ባዶ ነው፤ ባዶም ሆኖ መቅረት አለበት። ይህ ሰው በአዲሱ አገር መኖርን እንዴት ይማር?

የአገራችን ሰው ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፦ እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ። ምክሩ ለመንገደኛ ይበጃል። ነገር ግን እንዴት እንደሚሻገሩ እንጂ ወንዙ ለምን በዚያ በኩል እንደሚፈስ አይናገርም። ስለዚህ ከሁለቱም ዳርቻ ያለውን አይቶ መፍረድ ይሻላል።

መነሻው ዳርቻ ኢትዮጵያ ናት። በቀድሞው ዘመን ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ፎክሮ ይገባል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ ዝሆን ገዳይም በጆሮው ሎቲ ያንጠለጥላል። አደን የወንድነት ምስክር ወረቀት ነበር። ይሁንና ያው ኅብረተሰብ በጣና ዳር ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ የነበሩትን ወይጦዎች በማዕዱ አያስቀርብም ነበር። ለክብር የገደለው ተሞገሰ፤ ለእራት የገደለው ተናቀ። በዘመናችን ደግሞ አደን በኢትዮጵያ ፈጽሞ አልተከለከለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደን በፈቃድና በክፍያ እንዲካሄድ መንገድ ትቷል። በዚህ መንገድ የሚገባው በአመዛኙ ባለ ዶላሩ የውጭ አገር አዳኝ ነው።

መድረሻው ዳርቻ ኬንያ ናት። እዚያ አደን በአዋጅ የተዘጋው በግንቦት 1977 እ.ኤ.አ. ነበር (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማግሥቱ ዓመት የቀንድ፣ የጥርስና የቆዳ ንግድም ታገደ። ለክልከላው በቂ ምክንያት ነበረው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከ160,000 በላይ እንደሚሆን የተገመተው የኬንያ ዝሆን በ1989 ወደ 20,000 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፕሬዚዳንት ዳንኤል አራፕ ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ በእሳት አስበሉ። ዓመታቱን ላስተያየ ግን አንድ መራራ እውነት ይታየዋል፤ እልቂቱ ከክልከላው በኋላም አልቆመም። ገዳዮቹ አውቶማቲክ ጠመንጃ የያዙ፣ ከጀርባቸው ገበያና ባለ ሥልጣን ያላቸው ነበሩ። ሕግ መጻፉ ብቻ አውሬውን አላዳነም፤ እዚህ ላይ ቃሉ ላልቶ ይነበብ።

የሕጉ ክብደት ይበልጥ ያረፈው በሌሎች ላይ ነው። ከሞምባሳ በስተ ምዕራብ በጻቮ ቆላ ዋታ የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። የሚናገሩት የኦሮምኛ ዘር የሆነ ቋንቋ ነው፤ በቦረና መካከል የሚኖሩና በዚያው ስም የሚጠሩ አዳኞች በኢትዮጵያም በኬንያም ይገኛሉ። ኦሮምኛ የሚያውቅ የፓርክላንድስ ነዋሪ ከአንድ የዋታ ሽማግሌ ጋር ቢቀመጥ ብዙ ቃላት የጋራ ሆነው ያገኛቸዋል። ዋታዎች ዝሆን የሚገድሉት በቀስት ነበር። ብርቱዎቹ ቀስቶች ተስበው እስኪወጠሩ ከ45 ኪሎ በላይ የሚያነሣ ጉልበት ይጠይቃሉ። ፍላጻው ጫፉ ላይ መርዝ ይቀባል። መርዙ የሚወጣው በአማርኛ መረንዝ ከሚባለው ዛፍ ወገን ነው፤ እንጨቱና ሥሩ ለብዙ ሰዓታት ተቀቅሎ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር ይቀባል፤ እንዳይደርቅም በቆዳ ይጠቀለላል። የልብን ምት ያቆማል፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ ተቆርጦ ከተጣለ ሌላው ይበላል። አዳኙ ግን ለዚህ ሁሉ ወደ ዝሆኑ ጥቂት እርምጃ እስኪቀረው መጠጋት አለበት። ነፋሱ ቢዞር የሚሞተው እሱ ነው።

በ1948 ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዋታዎች ከቤታቸው ሳይነሡ አዲስ አገር ገቡ። ትናንት አዳኝ ተብለው ያደሩ በማግሥቱ ጃንጊሊ ሆነው ተነሡ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የፓርኩ ኃላፊዎች በከፈቱት ዘመቻ ብዙዎቹ ተይዘው ታሰሩ። ተረቱ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። እንደ ወንዙ ይሻገሩ የሚባለው ወደ ወንዙ ለሄደ ሰው ነው፤ ወንዙ አቅጣጫውን ለውጦ በቤቱ ላይ ለመጣበት ሰውስ ምን ይባላል?

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የፈቃዱ ታሪክ ነው። በ1909 የአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከልጃቸው ከከርሚት ጋር ሞምባሳ ወርደው ባደረጉት የአፍሪካ ጉዞ አባትና ልጅ 512 እንስሳት ገድለዋል። ብዙው ለቤተ መዘክር ስለ ተሰበሰበ ሥራው ሳይንስ ተባለ፤ ፈቃድም ነበራቸው። ዋታው ግን አንድ ዝሆን ጥሎ ዘመዶቹ ሥጋውን ቢካፈሉ ሌባ ተባለ። ከወይጦው ታሪክ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ አንድ ነው። በጣናም በጻቮም ማኅበረሰቡ የፈረደው በመግደሉ ላይ ሳይሆን በገዳዩ ማንነት ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ዋታውን እንደ ንጹሕ በግ መሣል ግን ሌላ ስሕተት ነው። ዋታዎች የዝሆን ጥርስ ለባሕር ዳር ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር፤ የገደሉትም ለሥጋ ብቻ አልነበረም። ቀስቱም ሁልጊዜ ምሕረት አያውቅም፤ መርዙ ከደረቀ ወይም ፍላጻው ቦታውን ከሳተ አውሬው ለብዙ ጊዜ ይሠቃያል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀስት ይዞ የሚገድለው መጠን አነስተኛ መሆኑ ብቻውን በጎነት አይደለም። አለመቻል ከመታገሥ ጋር መምታታት የለበትም። ድሀው ስላልጠጣ ጨዋ አይባልም፤ ጨዋነቱ የሚታየው ጠርሙሱ ፊቱ ሲቀመጥ ነው። አዳኙም ጠመንጃ በእጁ በገባ ቀን የሚያቆመው ነገር ከውስጡ ካልመጣ ከውጭ መምጣቱ ግድ ይሆናል። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚያ ቀን ነው።

ይሁን እንጂ ክልከላ ብቸኛው ሕግ አልነበረም። በ1960 ከጻቮ በስተ ምሥራቅ በጋላና ወንዝ አካባቢ ዋታዎች በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ዝሆን በሕጋዊ መንገድ እያደኑ እንዲተዳደሩ የሚያስችል ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ዕድሜው አጭር ሆነ፤ መሬቱም በኋላ ለከብት እርባታ ተሰጠ። አዳኞቹ በተወገዱበት ፓርክ ውስጥ ደግሞ ዝሆኖቹ በዝተው ዛፉን ጨረሱት፤ በ1970 እና በ1971 ድርቅ ሲመታ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዝሆኖች በረሃብ አለቁ። ያን ጊዜ ምን መደረግ እንደነበረበት ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ለሥነ ምግባሩ ጥያቄ ግን ይህ በቂ ነው፦ እጅን መሰብሰብም ሞት ያስከትላል፤ አለመግደል ማዳን ማለት አይደለም።

ሕግም ሊሳሳት፣ ከስሕተቱም ሊማር ይችላል። በማኡ ደን የሚኖሩት ኦጊየክ የተባሉ አዳኞችና ማር ቆራጮች ደኑን ታጠፋላችሁ እየተባሉ ሲፈናቀሉ ኖረዋል። ጉዳያቸውን ያየው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ግንቦት 26 ቀን 2017 በሰጠው ፍርድ ለደኑ መመናመን ተጠያቂ ሊደረጉ እንደማይችሉ ገልጾ መንግሥት መብታቸውን መጣሱን አረጋገጠ፤ በሰኔ 2022 ደግሞ ካሣ እንዲከፈላቸውና መሬታቸው እንዲመለስላቸው ወሰነ። በሌላ በኩል በ2013 የወጣው የኬንያ የዱር እንስሳት ሕግ ለዕለት ጉርስ ማደንንም በወንጀልነት ዘርዝሯል። ያም ሆኖ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከግል እርሻዎች በፈቃድ የታረደ የዱር ሥጋ በናይሮቢ ምግብ ቤቶች ለቱሪስት በሳሕን ይቀርብ ነበር። ድሀው ቢበላው ወንጀል፣ እንግዳው ቢበላው መስተንግዶ።

ታዲያ በፓርክላንድስ የሚኖረው ሰው ሕጉ እንዲህ የተዛባ ታሪክ ስላለው ልብሱን ሰብስቦ ወደ ካሩራ በቀስት ይግባ? ፈጽሞ አይገባም፤ ምክንያቱም ቅጣትን መፍራት ብቻ አይደለም። ዋታው ለማደኑ የሚያቀርበው ምክንያት የአባቶቹ መሬት፣ የልጆቹ እራትና ከልደቱ የወረሰው ሥርዓት ነው። የፓርክላንድሱ ሰው ሥጋውን ከልኳንዳ ይገዛል፤ እንጀራው በቢሮ ወይም በሱቅ ነው። የዋታውን በደል እንደ ተውሶ ልብስ ለብሶ ለገዛ ፍላጎቱ መከራከር ሌላ ቅሚያ ይሆናል። በሌላ ሰው ቁስል ደም ፊትን ቀብቶ መፎከር አያምርም።

ደግሞም የሚሄድበት መሬት የሕዝብ ነው። የሕዝብ የሚለው ቃል በብዙ አፍ «የማንም ያልሆነ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ክፉ ትርጉም ነው። ካሩራ በ1990ዎቹ ለባለ ጊዜዎች ተቆራርሶ ሲሰጥ ወሳጆቹ የተመኩት በዚህ ትርጉም ነበር። ዋንጋሪ ማታይና ባልደረቦቻቸው ችግኝ ይዘው ወደ ደኑ ሲሄዱ፣ በጥር 1999 ተደብድበው ደማቸው ሲፈስስ፣ የተከራከሩት ለሌላው ትርጉም ነው፤ የሕዝብ ማለት የእያንዳንዱ ነው፣ ስለዚህም ማንም ብቻውን አይወስደውም ለሚለው። ደኑ ዛሬ የቆመው እነዚያ ሰዎች ስለ ተደበደቡለት ነው። ከውጭ መጥቶ በጥላው የሚያርፍ ሰው ከዚያ ዕዳ ድርሻ አለበት። ድኩላውን ማሳለፍ ከዕዳው አነስተኛው ክፍያ ነው።

ነገር ግን ሕጉን መጠበቅና የሕጉን ስድብ መዋስ ሁለት ነገሮች ናቸው። አዲስ ገቢው ሰው ቀስቱን በቤቱ ሊተው ይገባዋል፤ ዋታውን ጃንጊሊ ብሎ መጥራት ግን አይገባውም። አንድ አገር አንድን ሥራ ሊከለክል መብት አለው፤ በዚያ ሥራ ለዘመናት የኖረን ሕዝብ ግን ሌባ ነህ ብሎ ከታሪኩ ሊያወጣው አይችልም። የአባቱን ጀግንነት ሲሰማ ያደገ ልጅ በናይሮቢ ትምህርት ቤት አዳኝ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ተብሎ ሲነገረው ወደ ቤት ተመልሶ አያቴ ወንበዴ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቃል። አባትየው «አልነበረም፤ አንተ ግን አታድንም» ሊለው መቻል አለበት። ይህ መልስ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም አይጋጭም። የመጀመሪያው ለሰው የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ለቦታና ለጊዜ የሚሰጠው መታዘዝ።

አያቱ ያወረሰው እውቀትም ከቀስቱ ጋር መቀበር የለበትም። ዱካ ማንበብ፣ በነፋስ መሄድ፣ ሳይንኮሻኮሹ መቆም፣ ለመግደል ብቻ የተፈጠሩ ጥበቦች አይደሉም። ልጁን ይዞ በማለዳ ወደ ካሩራ የሚገባ አባት ከጎብኚው ሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ብዙ አለው፦ ድኩላው በሌሊት የት እንደ ተኛ፣ ወዴትስ እንደ ዞረ፣ ለምን ቆሞ እንዳዳመጠ። ልጁ አውሬውን እንዲህ ካወቀው በኋላ ደኑን ሊቆርስ ለሚመጣ ሰው በቀላሉ አይለቅለትም።