ስለ መጠየቅና ስለ መገኘት

ባለፈው ዓመት፣ በረዶው በጠናበት በጥር ወር፣ በሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ከሚገኙት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ለሚኖር ጓደኛችን የእናቱን ሞት አረዳን። እንደ ወጉ ከንጋት በፊት ተሰብስበን፣ ከሌሊት ሥራው ሲመለስ ጠበቅነው። ሦስት ቀንም ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ፤ እንጀራውም ሻዩም አልጎደለም። በሁለተኛው ምሽት ግን ወሬው ወደ አገር ቤት ፖለቲካ ዞረና ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። ሐዘንተኛው ተነሥቶ ስኒ ሲያጥብ ያየነው ዘግይተን ነው። ስለ እናቱ አንድ ቃል የጠየቀው አልነበረም።

ሁላችንም እዚያ ነበርን። ግን ተገኝተናልን? በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የምንሻው ጥያቄ ይኸው ነው።

በቋንቋችን ሕመምተኛን ወይም እስረኛን ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። ቃሉ እንዲሁ የተገኘ አይመስለንም። የሚጠይቅ ሰው መልስ ይጠብቃል፤ መልሱንም አስቀድሞ አያውቀውም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ መጨረሻው ፍርድ በተነገረው ትምህርት ጌታ ራሱን በታመመውና በታሰረው ቦታ ያቆማል፤ ሰውም የሚመረመረው ስለ ሰው ልጅ በነበረው አስተያየት ሳይሆን ሄዶ በመጠየቁና ባለመጠየቁ ነው። አማኑኤል ብለን የምንጠራው አምላክም ከሩቅ ሆኖ መልካም አልተመኘልንም፤ መጥቶ አብሮን ኖረ እንጂ።

ይህን ነገር የአገራችን እናቶች ከማናችንም በላይ ያውቁታል። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ በየወኅኒ ቤቱ በር ስንቅ ይዘው ይሰለፉ የነበሩት ሴቶች ብዙውን ጊዜ እስረኛውን በዓይናቸው አያዩትም ነበር። የሚያዩት ተመልሶ የሚወጣውን የስንቅ ዕቃ ነው። ዕቃው ባዶ ከሆነ በልቷል፣ አለ ማለት ነው። «ከእንግዲህ አታምጡ» የተባሉ ዕለት ደግሞ መርዶው እዚያው በሩ ላይ ተነገረ። በመካከል ግንብ ቢኖርም እነዚህ ሴቶች በሰዎቻቸው ዘንድ ተገኝተው ነበር እንላለን፤ በየቀኑ ይጠይቁ፣ መልሱንም በእጃቸው ይቀበሉ ነበርና። እኛ ገንዘብ እንልክና በስልክ «ደረሰ ወይ?» እንላለን። የምንጠይቀው ስለ ገንዘቡ ነው።

ከእኛ ብዙ ዓመት አስቀድመው ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዚሁ አካባቢ ተማሪ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 በሴንት ፖል በሉተር ሴሚናሪ ነገረ መለኮት ተምረው ሲመለሱ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለሉተራውያን የዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ሰነድ፣ የምዕራብ ረጂዎች ለልማት እየሰጡ ለወንጌል ሥራ ግን መንፈጋቸው ሰውን በሁለት እንደ መክፈል መሆኑን አስገነዘበች። ዘመኑ በከፋ ጊዜ በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ አማካይነት ከአገር የመውጣት ዕድል ቀረበላቸው፤ መንጋቸውን ትተው መሄድን እንቢ አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ካገለገሉ በኋላ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ የእርሳቸው መቅረት የእኛን መውጣት ይኮንናልን? አይመስለንም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው በወርኃ ጽጌ ቤተ ክርስቲያን በማኅሌት የምታስበው እኮ የአንዲት እናትንና የሕፃን ልጅዋን ስደት ነው። የሚያስፈራን ሌላ ነው። ቄስ ጉዲና የቀሩት «ሰፊው ሕዝብ» ለሚባል ስም ብለው ሳይሆን ፊታቸው ለሚቀመጡ፣ መልካቸውን ለሚያውቋቸው ሰዎች ብለው ነው፤ እኛ የተረዳነው እንዲህ ነው። በእኛ ዘንድ ግን ለሩቁ ሕዝብ ያለን ፍቅር በአጠገባችን ላለው ሰው እንዳንገኝ ምክንያት ሆኖናል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን ለቅሶ መድረስ ሥርዓት አይለውጥም ይሉናል። እውነታቸውን ነው፣ አይለውጥም። ፖለቲካ ሳይንስ የምናጠና እንደ መሆናችን ያለ ሕግና ያለ ተቋም ደግነት ብቻውን የትም እንደማይደርስ አንስተውም። ሆኖም በዚያች ሌሊት እኛ ስለ ሕዝብ ሥቃይ ስንከራከር ከሕዝቡ አንዱ ስኒ ያጥብ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሆነን ተመለስን። ስልኮቻችንን ከነኮታችን በሩ ላይ ሰቀልን። «እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ዝምታውን ልንሞላው ስንል አንደኛችን በእጁ ከለከለን። ከዚያ ስማቸውን ተናገረ፤ አራት ዓመት ስናውቀው የእናቱን ስም ሰምተን አናውቅም ነበር። ቀጥሎም እናቱ አንድ ምሽት ጋቢያቸውን ተከናንበው የጠፋች ላም ፍለጋ የወጡበትን ነገር ይተርክልን ጀመር፤ እርሱ በዚያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ከኋላቸው ይከተል ነበር። የመጨረሻው ባቡር በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ሰማነው። ላሟ ገና አልተገኘችም ነበር።