ትንሿ ድስት

ከናይሮቢ ሽቅብ የሚመጣው መንገድ ኬንያን ጨርሶ ኢትዮጵያ ሳይገባ የሚያርፍባት ከተማ ሞያሌ ናት። በ1907 እ.ኤ.አ. የዳግማዊ ምኒልክ መንግሥትና እንግሊዞች የድንበር ውል ከተዋዋሉ ወዲህ ሞያሌ ሁለት ናት፤ ወዲህም ሞያሌ፣ ወዲያም ሞያሌ። ፍየሎቹ ወዲያ ግጠው ወዲህ ያድራሉ።

በኬንያዋ ሞያሌ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ቤተሰቡ አባባ ይላቸዋል። አስፋልቱ ሳይመጣ በፊት ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ አቧራ በጭነት መኪና ሲመላለሱበት ኖረዋል። ከታች ከብት፣ ከከብቱ በላይ በብረቱ ላይ ሰው እየጫኑ ቀንም ሌሊትም ነድተዋል። የሚበሉት የሹፌር ምግብ ነበር፤ በደረሱበት ሩዝ በሥጋ፣ ቻፓቲ፣ ማንዳዚ፣ ሲጠማ ለስላሳ። ሻይ ደግሞ ስኳሩ ማንኪያውን ቀጥ አድርጎ ካላቆመው ሻይ አይባልም።

አስፋልቱ ሲገባ መሪውን ለልጃቸው ሰጥተው እቤት ተቀመጡ። በዚያ ቤት ሰባት ሰው ይኖራል፤ አባባ፣ ባለቤታቸው እማማ፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ሦስት የልጅ ልጆች። ማታ ማታ ሁሉም አንድ ትሪ ከበው ይበላሉ። አባባ ራሳቸው ሳይቀምሱ በፊት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለትንሿ የልጅ ልጃቸው ይሰጣሉ። እሷም ይህን ስለምታውቅ እጅ ሳይታጠብ ገና አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

ከዕለታት አንድ ቀን አባባን ውሃ ጥም ያዛቸው። ቢጠጡ ቢጠጡ አልቆረጠም። ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ፤ የእግራቸው ጣት ይደነዝዛል። ጤና ጣቢያ ሄዱ። ነርሷ ጣታቸውን ወጋ አድርጋ ደማቸውን ለካች፣ ክንዳቸውንም አስራ ግፊታቸውን አየች። ስኳሩም ግፊቱም ነበረባቸው። ኪኒን ሰጠቻቸው፤ ለእማማ ደግሞ ስለ አመጋገብ የተጻፈ አንድ ወረቀት ሰጥታ፣ «እኔም እቤቴ የምበላው ይህንኑ ነው» አለች። እማማ በድንጋጤ ላይ ስለነበሩ ቃሉን ሰሙት እንጂ አላደመጡትም።

እማማ ባላቸውን ይወዳሉ። ከጤና ጣቢያው በቀጥታ ገበያ ወርደው አንዲት ትንሽ ድስትና አንዲት ትንሽ ማንቆርቆሪያ ገዙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በምድጃው ላይ ሁለት ድስት ተጣደ። በትልቁ ሩዙና ጮማው ይበስላል፤ በትልቁ ማንቆርቆሪያ ወተቱ፣ ሻይ ቅጠሉና ስኳሩ አብረው ይፈላሉ። በትንሿ ድስት ባቄላና ሱኩማ ዊኪ የሚባለው ቅጠል በውሃ ብቻ ይቀቀላል፤ ጨው የለ፣ ሽንኩርት የለ፣ ቅመም የለ። የበሽተኛ ምግብ ነውና ማንም አይቀምሰውም፤ ማንም ስለማይቀምሰውም ጣዕም ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ አልነበረም። ስድስቱ ከመሐል ያለውን ትሪ ከበው ሲቀመጡ፣ የአባባ ሳህን በመስኮቱ አጠገብ በዱካ ላይ ይቀርባል።

በመጀመሪያው ምሽት አባባ እንደ ልማዳቸው ከሳህናቸው ጠቅለል አድርገው እጃቸውን ወደ ትንሿ ልጅ ዘረጉ። ልጅቷ ወደኋላ ሸሸች።

«አባባ፣ የእርስዎ እኮ የበሽተኛ ነው» አለች።

እጃቸው ጥቂት አየር ላይ ቆየች። ከዚያ ጉርሻውን መልሰው ራሳቸው ጎረሱት። ከዚያ ወዲያ ማንንም አላጎረሱም።

አንድ ወር ሄደ፤ ሁለት ወር ሄደ። ነርሷ ብትለካ ስኳሩ አልወረደም። «የታዘዘልዎትን ይበላሉ?» አለቻቸው። «ከሚቀርብልኝ ፍርፋሪ አላተርፍም» አሉ አባባ። ውሸትም አልነበረም። እማማ ግን አንድ ነገር ልብ ብለው ነበር። አባባ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ከዘራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የሚመለሱት ሲመሽ ነው።

አንድ ቀን እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ተከተሏቸው።

አባባ ቁልቁል ወርደው በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሁለቱ አገር መሪዎች መጥተው የመረቁትን የጋራ የድንበር ኬላ አልፈው ወደ ኢትዮጵያዋ ሞያሌ ገቡ። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት የምትሸጥበት ሻይ ቤት አለ። ሹፌሩ፣ ደላላው፣ ከብት ነጂው ሁሉ እዚያ ነው። አባባ ሲገቡ ሁሉም ብድግ ብድግ አሉ። አባባም የወርካ ጥላ ያገኙ ይመስል ዘና ብለው ተቀመጡና ሻይ በስኳር ከፓስቲ ጋር አዘዙ።

የእማማ ደም ፈላ። ጠብቀው ጠብቀው፣ አባባ ወጥተው ሲሄዱ ወደ ሻይ ሻጯ ገቡ።

«ልጄ፣ እኚህ ሰውዬ ስንት ስኳር ነው የሚጠጡት? ስንት ፓስቲ ነው የሚበሉት?»

ሻይ ሻጯ እየሳቀች፣ «አባባን ነው እማማ? እሳቸው እኮ ሦስት ፓስቲ ያዛሉ፣ ሁለቱን ቆራርሰው በአጠገባቸው ለተቀመጠው ያጎርሳሉ። ሻዩንም ግማሹን ይተዉታል። ብቻቸውን ሲበሉ አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም» አለቻቸው።

እማማ የመጡበትን ቁጣ ረሱት። ሻይ ሻጯ ያቀረበችላቸውን በርጩማ እንኳ አላዩትም። ቆመው የአባባን ብርጭቆ ተመለከቱ፤ እስከ ግማሹ ሞልቶ ቀዝቅዞ ነበር።

ያን ማታ ለአባባ ምንም አላሏቸውም። ከሣጥን ሥር ወረቀቱን አወጡና ተማሪዋን የልጅ ልጃቸውን ጠሩ። «እስቲ የአባባን ወረቀት አንብቢልኝ።»

ልጅቷ በስዋሂሊ የተጻፈውን እያየች በአማርኛ ነገረቻቸው። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፤ በወጡ ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ። አትክልትና ፍራፍሬ በቀን 400 ግራም፣ ማለትም አምስት ጊዜ እፍኝ እፍኝ። ባቄላ፣ ምስር፣ አተር፣ ያልተፈተገ እህል። ስኳር ከ6 የሻይ ማንኪያ ባይበልጥ ይመረጣል፤ በለስላሳና በብስኩት ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ።

«የስኳር በሽታ ላለበት ነው አይደል?»

ልጅቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጋ ፈለገች። «እንዲህ የሚል የለበትም እማማ። ለአዋቂ ሰው ሁሉ ነው የሚለው።»

እማማ ዝም አሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። ከአባባ በቀር ስድስት ሰው፣ በቀን ሁለት ሁለት ብርጭቆ፣ በብርጭቆ አራት አራት ማንኪያ። አርባ ስምንት ማንኪያ ሆነ። በወር ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል፤ ከሱቅ በየወሩ የሚያመጧቸው ሦስቱ ባለ 2 ኪሎ ከረጢቶች ማለት ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን ስኳሩ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ይገባል፣ ይሟሟል፣ ማንም አያየውም። የነርሷ ቃልም ያኔ ትዝ አላቸው፤ እኔም እቤቴ የምበላው ይህንኑ ነው።

በማግስቱ ትንሿ ድስት ምድጃ ላይ አልወጣችም።

እማማ ማታ የዘፈዘፉትን ባቄላ በትልቁ ድስት ጣዱት። ሽንኩርቱን በጥቂት ዘይት ቀስ ብለው አቁላሉት፤ አልቸኮሉም፣ ወርቅ እስኪመስል ጠበቁት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጠው ጨመሩ፣ ቲማቲም ከተፉበት። ሱኩማውን ጠቅልለው እንደ ክር አቀጠኑት። ስዋሂሊው ሱኩማ ዊኪ ያለው ሳምንቱን ግፋ ሲል ነው፤ ኪስ ሲሳሳ ቤት የሚያሻግር ቅጠል ነውና። ጎረቤታቸው የቡርጂ ሰው ናት፤ ከጓሮዋ የሺፈራው ቅጠል ሰጥታቸው ነበር። ዘንጉን በግራ እጅ ይዘው በቀኙ ወደ ታች ሲስቡት ቅጠሉ ሁሉ እፍኝ ውስጥ ይገባል፤ እሱንም ቀቅለው ደባለቁት። ሥጋውን አላስቀሩም፤ ግማሽ ኪሎውን በትንንሹ ከትፈው በባቄላው መካከል በተኑት። ጨዉን በማንኪያ ለክተው ጨመሩና የጎደለውን ጣዕም በሎሚ ሞሉት።

ሻዩን በዝንጅብል፣ በቀረፋና በሄል አፈሉት። ስኳሩን ግን ማንቆርቆሪያው ውስጥ አልጨመሩም፤ በጣሳ አድርገው ከትንሽ ማንኪያ ጋር መሐል ላይ አስቀመጡት።

ማታ አንድ ትሪ ቀረበ። ከወዲያኛው ሞያሌ የመጣ የጤፍ እንጀራ ተዘርግቶ አረንጓዴው መሐል፣ ባቄላው ዙሪያውን። በመስኮቱ አጠገብ ዱካው ባዶውን ቆመ። አባባ ከበር ገብተው ወደ ዱካው ሲያመሩ እማማ ከትሪው አጠገብ ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

ከናይሮቢ የገባው ልጃቸው ትሪውን አየና፣ «እናቴ፣ ማን ታሞ ነው?» አለ።

«ብላ» አሉት።

ልጅየው ሻዩን ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ፣ ጣሳውን ሳበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጨመረ። አራተኛውን ሊያነሳ ሲል ልጆቹ ሁሉ ማንኪያውን ሲመለከቱ አያቸው። ጥቂት ቆይቶ አራተኛውንም ጨመረ፤ ግን ከዚያ በፊት ቆጥሮ አያውቅም ነበር። ምራቲቱ ሩዝ ጠየቀች። ትልቁ ወንድ ልጅ ባቄላውን ወደ ጎን ገፍቶ ሥጋውን ብቻ ለቀመ። ማዕዱ ያን ማታ አልሞቀም።

አባባ ምንም አላሉም። ከመሐል ሱኩማውንና ባቄላውን በእንጀራ ጠቀለሉ። እጃቸው ከትሪው ተነስታ፣ እንደ ማቅማማት ብላ፣ ወደ ትንሿ ልጅ ሄደች።

ልጅቷ የአባባን እጅ አየች። ትሪውን አየች። እናቷም አባቷም ወንድሟም ከዚያው ሲያነሱ አየች። አፏን ከፈተች።

ስታላምጥ ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ።

«ሎሚ አለው» አለችና እንደገና ከፈተች።

ምላስ ቶሎ አይለምድም። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅየው በየመንገዱ እየቆመ ይበላ ነበር፤ ምራቲቱም ሁለት ቀን ለብቻዋ ሩዝ ቀቀለች። እማማ አልተከራከሩም። በየማታው ያንኑ ትልቅ ድስት ጣዱ፣ ሱቅ በላኩ ቁጥርም የስኳሩን ልክ ቀነስ አደረጉ። አራት ማንኪያ የነበረው ሦስት ሆነ፤ ሦስቱ ሁለት። አንድ ቀን ልጅየው ከመንገድ መጥቶ፣ «ማርሳቢት ላይ ሻይ ሰጡኝ፤ ማር ነው ወይስ ሻይ ነው? መጨረስ አቃተኝ» አለ። እማማ ምድጃቸውን ቆሰቆሱ።

አባባ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ዛሬም ወዲያ ማዶ ይሻገራሉ፤ ወዳጅ አይተውም። ግን ሻዩን ያለ ስኳር ያስቀዳሉ፤ «ቤት የሚጠብቀኝ ትሪ አለ» ብለውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይነሳሉ።

በሦስተኛው ወር ነርሷ ጣታቸውን ወጋች። ቁጥሩን አየችና ሌላ ጣት ጠየቀቻቸው። እንደገና ለካች።

«ምን ቀየሩ አባባ?»

«ድስት» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከመንደሩ ጫፍ የምትኖር አንዲት ሴት ዓይኗ በእንባ ቀልቶ እማማ ደጅ መጣች። ባሏ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነበር፤ የአባባ ዓይነት ነገር ተነግሮታል።

«እማማ፣ እርስዎ ያውቁበታል» አለቻቸው። «ያቺን የአባባን ትንሽ ድስት ያውሱኝ። እስክገዛ ድረስ ነው።»

እማማ እጇን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት። በሺፈራው ችግኝ ሥር ትንሿ ድስት ጥቀርሻዋ ታጥቦ፣ በውሃ ተሞልታ ተቀምጣለች። ሁለት ዶሮዎች ግራና ቀኝ ቆመው እየጠጡ አንገታቸውን ወደ ሰማይ ያቀናሉ።

«ለነዚህ ሰጥቻታለሁ» አሉ እማማ። «ይልቅ ማታ ባልሽን ይዘሽ ነይ። ልጆቹንም።»