ማበላሸት ለማን ይፈቀዳል?

ባለፈው ዓመት አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ከኮምፒውተር ላባችን አንዱን ኬዝ ፈትቶ ያዝኩት። ክዳኑን መሬት ላይ አስቀምጧል፣ ራሙን ነቅሎ ጫፉን በላጲስ ይጠርጋል። ኮምፒውተሩ ሲበራ እየጮኸ እምቢ ይል ነበር። «ዩቲዩብ ላይ አይቼ ነው ቲቸር» አለኝ።

የሚያሳፍረኝ ነገር፣ ልጁ ትክክል ነበር። የአዳማ አቧራ የማይገባበት ቦታ የለም፤ ራም ሲቆሽሽ እኔም በላጲስ ነው የምጠርገው። ግን ጮህኩበት። ጉዳዩ ቢሮ ደረሰ፣ ልጁ ወላጅ እንዲያመጣ ተነገረው፣ እኔም ማታውን እንቅልፍ አጣሁ። ምክንያቱም እኔ ራሴ ይህን ሥራ የተማርኩት በማበላሸት ነው።

ኮሌጅ ገብቼ ኮምፒውተር አልተማርኩም። ናዝሬት ውስጥ ሰፈራችን አንዲት ኢንተርኔት ካፌ ነበረች፤ እዚያ እየተላላኩ ነው የጀመርኩት። አንድ ቀን «ላፋጥነው» ብዬ የነካካሁት ማሽን ጭራሽ አልነሳም አለ። ባለቤቱ ሊያባርረኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ የዊንዶውስ ሲዲ አምጥቶ «ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ አንተው ታስተካክለዋለህ» አለኝና በሩን ዘግቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እስከ እኩለ ሌሊት ቆየን። ጋሼ ያን ሌሊት ስንት ብር እንደከሰረ ለመጠየቅ እንኳን አልደረስኩም ነበር። ዛሬ የላቡ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ታዲያ በማበላሸት የተማረ ሰው፣ ሌላውን እንዳያበላሽ መከልከል ይችላል ወይ?

ስለዚህ ነገር ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ ወለንጪቲ ናት። ከአዳማ በመተሐራ መንገድ ስትወጡ የምታገኟት ከተማ። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው ድርጅት አንድ ሙከራ ሲያደርግ ከመረጣቸው ሁለት ቦታዎች አንዷ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለችው ወለንጪቲ ነበረች፤ ሌላዋ ወንጪ። በእያንዳንዱ ቦታ ለሃያ ያህል የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ላላቸው ልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌት በታሸገ ካርቶን ተሰጠ። መምህር የለም፣ መመሪያም የለም።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕ ይጠቀም ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ የአንድሮይዱን ገደብ አለፉት፤ ላኪዎቹ በስህተት የዘጉትን ካሜራ ከፈቱ፣ እንዳይቀየር የተቆለፈውንም ገጽ እያንዳንዳቸው እንደፈለጉ አደረጉት።

ዓለም ይህን ወሬ ወደደው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1999 ሱጋታ ሚትራ ዴልሂ ውስጥ ግድግዳ ቀድዶ ኮምፒውተር ሲያስቀምጥ የመንደር ልጆች በራሳቸው መጠቀም እንደቻሉ ተወርቶ ነበርና፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነገሩ ትምህርቱ ግልጽ ይመስላል፤ ልጁን ተወው፣ ራሱን ያስተምራል።

እኔም «ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት» ማለት ደስ ይለኛል። ግን የወለንጪቲን ታሪክ ደግማችሁ አንብቡት። የመንደሩ አዋቂዎች ታብሌቱን በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግ እንዲችሉ ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። በየሳምንቱ ደግሞ አንድ ቴክኒሺያን እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር፤ ልጆቹ ምን እንደነኩ የታወቀው በዚያ ካርድ ነው። ወሬው ሲወራ ግን ካርድ ይዞ አቧራ የሚበላው ሰው ከመሃል ይጠፋል። የምቀናበት ሌላም ነገር አለ። ታብሌቱ ቢሰበር ከማን ደመወዝ እንደሚቆረጥ በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚያነሳው የለም።

እኛ ጋ ይነሳል። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 22ን ያውቃል። ዕቃው ከመጋዘን ሲወጣ ትፈርማለህ፣ በቃ፣ ያንተ ዕዳ ነው። ሥራ ልትለቅ ስትል ክሊራንስ ትጠየቃለህ፤ አንድ ሞኒተር ከጎደለ ወረቀትህ አይወጣም። ስለዚህ ጥሩ ቴክኒሺያን ማለት ኮምፒውተሮቹን ሳይነኩ ያቆየ ሰው ይሆናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባም እንዲሁ ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ መምህሩ አቁሞ ሊያስረዳ አይችልም፣ ተማሪው ያያል እንጂ አይነካም።

«ታዲያ ክፈተው!» እንዳትሉኝ ቆዩ። ጉዳዩ የእኔ ደመወዝ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ለአንድ ክፍል ተማሪ የሚበቃ ማሽን ሳይኖር አንዱ ሲበላሽ፣ ተራ ጠብቀው የመጡ ሦስት ልጆች ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲቀመጥ የሚፈተነው በፊዚክስ ብቻ አይደለም። የአንዱ ልጅ ጉጉት የሌላውን ልጅ ዕድል ሊበላ ይችላል። ይህን ደግሞ ምንም ያህል ነፃነት ብንወድ ልንክደው አንችልም።

መቆለፍም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ የመቆለፍ ኪሳራ በሞዴል 22 ላይ ስለማይጻፍ ነው የማይታየን። ሞኒተር ሲሰበር ኮሚቴ ይቋቋማል። ልጅ ሳይነካ አራት ዓመት ጨርሶ ሲወጣ ግን ማንም አይጠየቅም። እኔ የተመዘገበውን ብቻ ስጠብቅ፣ ያልተመዘገበው በፊቴ ያልፋል።

ብዙ ቆይቶ የገባኝ ነገር፣ ጋሼ የሰጠኝ ክፍት በር አልነበረም። ቢከፍትልኝና ቢሄድ ኖሮ ሌላ ማሽን እጨምርለት ነበር። የሰጠኝ አጠገቤ መቀመጡን ነው፤ ኪሳራውን እሱ ተሸክሞ ማስተካከሉን ለእኔ ተወው። ራሱን ያስተማረ የሚባል ሰው ሁሉ ከኋላው የስህተቱን ሂሳብ የከፈለለት ሰው አለ፤ ወላጅ፣ ጎረቤት፣ ካፌ፣ ወይ ሩቅ አገር ያለ ለጋሽ። ያን ሂሳብ ለከፈለው መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም። የሚቻለው ለሚቀጥለው መክፈል ነው።

ስለዚህ አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ሦስት የሞቱ ኮምፒውተሮችን ጠረጴዛ ላይ አወጣለሁ። የፈለገ ይፈታል። ደንቡ ሁለት ነው፤ የፈታኸውን ደብተር ላይ ትጽፋለህ፣ ሳትገጥመው አትሄድም። የሚሠሩት ግን እንደተጠበቁ ናቸው። የሞቱትም ቢሆኑ ገና ከመዝገብ አልተሰረዙም፣ አሁንም በእኔ ስም ናቸው። እንዲፈቀድልኝ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ መልስ አልመጣም። በደንቡ ካየነው ጥፋተኛ ልሆን እችላለሁ፤ «መልካም አደረግህ» እንዲባልልኝም አይደለም የምጽፈው። ይህን ያህል ዕዳ ግን ልሸከም እችላለሁ ብዬ ገምቻለሁ።

ያንን የላጲስ ልጅ ፈልጌ ጠራሁት። ስለጮህኩበት ይቅርታ ጠየቅኩት፤ አፈረ። ከዚያ ኬዙን ከፍቶ ትንሽ እንደሠራ ቀና አለና «ቲቸር፣ ቢበላሽ ከእርስዎ ነው የሚቆርጡት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና እንደገና ጀመረ፣ ከበፊቱ ቀስ ብሎ።