ባለቤቱ ወዴት ነበር?

የሐረርን ምድር ያስተዳደራችሁና የምታስተዳድሩ ሹማምንት፣ ዛሬ የምትጠየቁት ስላላወጣችሁት ሕግ አይደለም፤ ስላወጣችሁት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው አለ። መንግሥት «መሬቱ በእኔ እጅ ነው» ካለ ሃምሳ ዓመት አለፈ። ባለቤቱ በእነዚህ ሃምሳ ዓመታት ወዴት ነበር?

አዋጁን ራሱን አልነቅፍም። ምኒልክ በ1879 ከጨለንቆ ውጊያ በኋላ ሐረርን ከያዙ ወዲህ የአካባቢው ገበሬ ለወታደርና ለመኳንንት ሲገብር ኖሯል። ከከተማዋ የጁገል ግንብ ውጭም የሐረሪ ቤተሰቦችን ማሳ እያረሰ ከምርቱ ድርሻ የሚያወጣ ኦሮሞ ጭሰኛ ብዙ ነበር። በ1957 አዲስ አበባ ላይ ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሲሰለፍ የጮኸው ለእነዚህም ነው። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሔክታር ፈቅዶ ጭሰኝነትን ሲሽር፣ ከግንቡ ውስጥ ሆኖ በእርሻው ይኖር የነበረው ከተሜ ማሳውን አጣ፤ ብዙው ወደ ንግድ፣ ወደ መርካቶ፣ ኋላም እስከ ቶሮንቶ ሄደ። ለዚያ ቤተሰብ መራራ ነበር። ለአራሹ መፈረዱ ግን ትክክል ነበር፤ አራሹ እውነት ባለመሬት ቢሆን ኖሮ።

አልሆነም። አንዱ ጌታ ወረደ፣ ሌላው ወጣ። የድሮውን ጌታ ቢያንስ ደጁ ሄደው ይለምኑት፣ ሲከፋም ጥለውት ወደ ሌላ ጌታ ይሄዱ ነበር። አዲሱ ጌታ ግን በሁሉም አቅጣጫ እሱው ራሱ ነው። የእህሉን ዋጋ የሚቆርጠው እሱ፣ ኮታውን የሚጥለው እሱ፣ ኮታ ያጎደለውን የሚያስረውም እሱ። አዋጁ በወጣ በአሥረኛው ዓመት፣ በ1977፣ ደግሞ የት እንደሚያድርም እኔ ልወስንለት አለ።

የመንደር ምሥረታ ተባለ። በየተራራው ጥግ፣ በየማሳው ራስ ተበታትኖ የሚኖረው የሐረርጌ ገበሬ ጎጆውን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ምሰሶና ማገሩን ተሸክሞ፣ ካድሬ ባሰመረለት ረድፍ ላይ እንዲሠራ ታዘዘ። ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የቧንቧ ውሃ ይመጣልሃል ተባለ። ለብዙዎቹ መንደሮች የደረሳቸው ጥበቃና የስም ቆጠራ ነው። ከሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ሸማቂ ያስፈራውን መንግሥት ያስጨነቀው የገበሬው ጤና ሳይሆን ገበሬው ለማን እንጀራ እንደሚሰጥ ማወቁ ነበር። በሁለት ዓመት ግድም ሁለት ሚሊዮን ያህል የሐረርጌ ሰው እንዲህ ተሰበሰበ። ማሳው ከደጁ ራቀ፤ ማሽላውን ከዝንጀሮ፣ ጫቱን ከሌባ የሚጠብቅ ዓይን ታጣ። ከብቱም የሚያድርበት በረት ጠበበው። በ1978 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ድንበር ተሻግረው ሶማሊያ ውስጥ ቱግ ውጫሌ የስደተኛ መጠለያ ገቡ። መሬት ሰጠንህ የተባለ ሰው መሬቱን ጥሎ ወደ በረሃ ሲሸሽ፣ ሰጪው ምን እንደሰጠ ራሱን አልጠየቀም። የካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ረድፉን አፍርሶ ወደ ማሳው ተመለሰ። ይቅርታ የጠየቀው ሹም ማን ነው? አልሰማሁም።

ያ ደርግ ነው፣ አልፏል ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያስ ስለ ሐረማያ ሐይቅ እንነጋገር፤ ሐይቁ የሞተው በደርግ ዘመን አይደለም።

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ድሬ ዳዋ የሚሄድ ሰው አወዳይን አልፎ ሐረማያ ሲደርስ ሐይቁን ከመኪና መስኮት ያየው ነበር። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ነው። ከሐይቁ አቅራቢያ በ1940ዎቹ የተቋቋመ፣ በኦክላሆማ መምህራን እርዳታ የተጀመረ የእርሻ ኮሌጅ አለ፤ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። አገሪቱ የአፈርና የውሃ ጥበቃ አዋቂዎቿን የምታወጣበት ተቋም ጎረቤት የነበረው ሐይቅ በ1997 ግድም ደርቆ ወለሉ የከብት መሄጃ ሆነ። በአንድ ጀምበር አልደረቀም። ደለሉ ከተራቆተው ተራራ በየክረምቱ ይወርድ ነበር፤ በዳርቻው የሞተር ፓምፕ እየበዛ ይሄድ ነበር፤ ከተሞቹም ሳያቋርጡ ይቀዱ ነበር። ተመራማሪው ጻፈ፣ ገበሬው አየ፣ ዓሣ አጥማጁ አለቀሰ። ባለቤት ነኝ ያለው ምን አደረገ?

«ገበሬው ጨረሰው» ስትሉ ሰምተናችኋል። አፋችሁን ያዙ! ያ ገበሬ 10 ሔክታር የፈቀደው አዋጅ ልጅ ነው፤ ግን መሬቱ ለልጅ፣ ከልጅም ለልጅ ልጅ ሲሸነሸን ለአብዛኛው የቀረው ከአንድ ሔክታር ያነሰ ነው። ማሽላ ቢዘራበት ቤተሰቡን ዓመት አያደርስም። ስለዚህ ዓለም ስሙን የሚጠራለትን የሐረር ቡና ነቅሎ ጫት ተከለ፤ ቡና በዓመት አንዴ ሲደርስ ጫት በውሃ እስከታገዘ ድረስ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ አወዳይ ገበያ ሲደርስም በዚያው ቀን ገንዘብ ይሆናል። ሞኝ አይደለም፤ ሒሳብ ያውቃል። እናንተም ሒሳብ ታውቃላችሁ፤ በኬላው ላይ ቀረጡን አንድ እሥር ሳታሳልፉ ሰብስባችኋል። ቀረጥ ስትቀበሉ ጫት ሰብል ነበር። ውሃው እንዴት እንደሚቆጠብ የሚያስተምር ባለሙያ ለመመደብ ሲሆን ግን ጫት ሱስ ነው ብላችሁ ዘወር አላችሁ።

ሕግ አልነበረንም እንዳትሉ፣ በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት ሀብት ነው፣ በውሃ ለመጠቀምም ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ከአዋጁ እስከ ደረቁ ሐይቅ አምስት ዓመት ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ለስንት ፓምፕ ፈቃድ ተጠየቀ? ስንቱስ ተከለከለ?

በዚህ ላይ ደግሞ ወሰኑ አለ። ሐረር የራሷ ክልል ናት፤ ሐይቁ በኦሮሚያ ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ውስጥ ነው፤ ድሬ ዳዋ ደግሞ ሌላ አስተዳደር ነው። በስብሰባ ላይ ይህ እንደ ትልቅ ምክንያት ሲነሣ ይገርመኛል። የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መሥሪያ ቤት ያለው እዚያው ሐረር ከተማ ውስጥ ነውና። ሐይቁ ያለበትን ወረዳ የሚያዘውና የተጠማችውን ከተማ የሚያዘው ሹም አንድ ከተማ ያድራሉ፣ ቧንቧው ሲደርቅ የሁለቱም ልጆች ቢጫ ጀሪካን ይዘው ወጥተዋል። ወሰኑ ውሃውን አላቆመውም፤ ያቆመው ኃላፊነቱን ብቻ ነው።

ሐይቁ ከደረቀ በኋላ የሆነውን ሐረሬ ያውቀዋል። በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ከድሬ ዳዋ አካባቢ ቆላ የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ዳገቱን እየተገፋ ወደ ሐረር መጣ። መብራት በተቋረጠ ቁጥር የሚንጠባጠብ ውሃ ነው፤ ቢሆንም መጣ፣ ተመስገን። ሃያ ኪሎ ሜትር ከማይሞላ ቦታ በቀላሉ ይወርድ የነበረውን አጥፍቶ ከታች ቆላ በብድር ማስቀዳት ግን «የልማት ስኬት» ተብሎ ሊመረቅ አይገባም ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ሐይቁ ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ እሰየው፣ ተፋሰሱ ላይ እርከን የሠራው ሕዝብ ይመስገን። እናንተ ግን ከውሃው ፊት ቆማችሁ ፎቶ ስትነሡ፣ የዝናቡን ዓመት በሪፖርታችሁ የጻፋችሁትን ያህል የድርቁንም ዓመት ጻፉት።

አሁን ደግሞ ተራው የማሳው ነው። ሐረሪ ክልል ጠባብ ነው፤ በ1999 ቆጠራ 183,415 ከነበረው ሕዝቡ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው በሶፊ፣ በኤረርና በድሬ ጠያራ ገጠር የሚኖር ነበር። ከተማው በሸዋ በርም በኤረር በርም በኩል ወደ ማሳው ይገፋል። በ1997 የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የሰጠው የአሥር ዓመት ገቢ ነው፤ ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1161 ከፍ ብሎ አሥራ አምስት ሆነ። ያንኑ መሬት ከተማው ለመኖሪያ በሊዝ ሲያስተላልፍ ግን እስከ 99 ዓመት ነው። ልዩነቱ የማን ነው? ገበሬው ይህን አስልቷል። ነገ በካሳ ስም በርካሽ እንደሚወሰድበት ስለሚያውቅ ዛሬ ማታ በጓሮ ቆራርጦ ይሸጣል፤ ገዢውም ሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል። ከዚያ ዶዘሩን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ «ሕገ ወጥ» ትላላችሁ። ሕገ ወጡን የፈጠረው የእናንተ ሒሳብ ነው። ቤቱ ሲሠራ ያላየ የቀበሌ ሹምስ አለ? አይቷል፤ ምን ተቀብሎ እንዳላየ እንደሆነ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ዶዘሩ ግን እሱ ቤት አይደርስም።

በእጃችሁ ያለው መሬት አማና፣ አደራ ነው፤ የሐረር ሽማግሌዎች ይህን ለማስረዳት አዋጅ አያስፈልጋቸውም። እንግዲህ ሁለት መዝገብ አውጡ። አንዱ ላይ በሐረማያ ተፋሰስ ውስጥ ዛሬ የሚሠራው እያንዳንዱ የሞተር ፓምፕና ጉድጓድ፣ ከነፈቃዱ ወይም ከነፈቃድ ማጣቱ ይጻፍ፤ ዞኑና ክልሉ በአንድ ላይ ይፈርሙበት። ሌላው ላይ ከሐረር ዙሪያ ገበሬ የተወሰደው እያንዳንዱ ማሳ፣ የተከፈለው ካሳና ከተማው በሊዝ የሸጠበት ዋጋ ጎን ለጎን ይጻፍ። ሁለቱንም ማንኛውም ገበሬ ገብቶ በሚያነብበት ቦታ፣ በሚያነበው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በሐረሪኛም በአማርኛም ለጥፉት።